ከአዛባ እስከ ማሽን፦ የቤታችን ጥራጊ ወዴት ሲሄድ ኖረ?

ባለፈው ዓመት ከትንሣኤ በፊት የአንዲት አባላችን ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ፣ ለማኅበራችን ስጦታ ብላ አንዲት ማሽን ይዛልን መጣች። ከሩቅ ለሚያያት የሩዝ መቀቀያ ትመስላለች። ልጣጭ፣ ፍርፋሪና የቡና አተላ ይጨመርባታል፤ ክዳኗ ይገጠማል፤ ቁልፏ ይጫናል። ከዚያ እያሞቀች፣ እያደረቀችና እየፈጨች ስታጉረመርም አድራ ጠዋት ቡናማ ዱቄት ታስረክባለች። ሽታዋን የምትይዘው በከሰል ማጣሪያ ነው። መርጡለ ማርያም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይተን ስለማናውቅ የመጀመሪያውን ሳምንት ቢሮው በጎብኚ ተጨናንቆ ሰነበተ።

ወዲያው ግን ችግር ገጠመን። የመጣችበት አገር መብራት 120 ቮልት፣ የእኛው 220 ቮልት ነው። ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር ከባሕር ዳር እስኪመጣልን ድረስ ሦስት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ቀን ግማሽ ላይ ደርሳ ሳለ መብራት ሄደ፤ የተመለሰው በማግስቱ ማታ ነው። የሞቀና ያልደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ሲውል ምን እንደሚሸት ለእናቶች መንገር አያስፈልግም።

ይባስ ብሎ ዱቄቱን «ማዳበሪያ ነው» ብለን ለአንዲት እናታችን ሰጠናት። እርሷም አምናን የጎመን መደቧ ላይ በተነችውና ውኃ አጠጣችው። በአምስተኛው ቀን መደቡ ነጭ ሻጋታ አበቀለ፤ ችግኙም ቢጫ ሆነ። «ልጆቼ፣ እኔ ስድሳ ዓመት ጎመን ስተክል ጎመኔን እንዲህ ያለ ነገር አብልቼው አላውቅም» አለችን። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ማሽኗ ታደርቃለች፣ ትፈጫለች እንጂ አታበሰብስም። መበስበስ የረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ ነው፤ እርጥበት፣ አየርና ጊዜ ይፈልጋል። እኛ የበተንነው የደረቀ ምግብ ነበር፤ ውኃ ሲያገኝ ገና መበስበስ የጀመረው እዚያው የችግኙ ሥር ላይ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ስቀን እናልፈው ነበር። ዳሩ ግን ስለ ማሽኗ የሰማ አንድ ደጋፊያችን «እንዲህ ያሉ አሥር ማሽኖች መግዣ ገንዘብ ላፈላልግላችሁ ወይ?» ብሎ ጻፈልን። አንዲቷ ከ300 እስከ 500 ዶላር ታወጣለች። አሥር ማሽን ለእኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ደጋፊያችንን ማሳዘንም አንፈልግም። በወርኃዊ ስብሰባችን ተነጋግረን መልስ ከመስጠታችን በፊት አንድ ነገር እንድናጣራ ተስማማን፦ ከዚህ በፊት የቤታችን ጥራጊ ወዴት ሲሄድ ኖረ? ይህ ጽሑፍ የዚያ ማጣራት ውጤት ነው።

ስለ ከተማችን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ የሚጀምረው እቴጌ እሌኒ አሠሩት ከሚባለው ከጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽና ከተቀረጸው ድንጋይ ነው። ደግ ነው፤ ያኮራናል። የአመድና የአዛባ ታሪክ ግን በድንጋይ አልተቀረጸም፤ ያለው በእናቶቻችን እጅ ነው። ስለዚህ ቡና አፍልተን እነርሱኑ ጠየቅን።

መጀመሪያ የሰማነው መልስ «ጥራጊ? ምን ጥራጊ?» የሚል ነበር። እውነትም የድሮው ቤት የሚጣል ምግብ አልነበረውም። የጠላ አተላ ለላምና ለአህያ ነው። የተረፈ እንጀራ ይሰጣና ድርቆሽ ይሆናል። ጎመን ሲቀነጠስ የወደቀው ቅጠል ለበግ፣ እህል ሲበጠር የሚወጣው እንክርዳድ ለዶሮ፣ አጥንት ለውሻ ይሰጣል። ከዚያ ያለፈው ከቤት ጥራጊ ጋር ተደባልቆ ጓሮ ይደፋል። የጌሾው፣ የጎመኑና የበርበሬው መደብ ከሌላው መሬት ጠቁሮ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ገበሬው ስለ ማሳው ያውቃል፤ ጓሮን ግን የምታውቀው ሴቲቱ ናት። ማታ ማታ ከምድጃ የሚዛቀው አመድም ወደዚያው ይሄዳል። «እጀ አመድ አፋሽ» የሚባለው ውለታው ለማይታወቅለት ሰው ነው፤ አባባሉን ማን እንዳመጣው ባናውቅም አመድ ስታፍስ የኖረችው ማን እንደሆነች እናውቃለን።

እበቱ ደግሞ የብዙ ነገር ባለቤት ነበር። አውድማ ይለቀለቅበታል፤ ጎታ ይመረግበታል፤ ግድግዳና መደብ ይለሰንበታል። ከበረት የሚዛቀው አዛባ ከገለባና ከከብት ሽንት ጋር ተደባልቆ ሲከርም ፍግ ይሆናል፤ ለቤት ቅርብ ወደ ሆነው ማሳ ይወጣል። ኮምፖስት የሚባለውን ቃል ሳንሰማ ኮምፖስት ነበረን ማለት ነው። የግብርና ባለሙያዎች «ብስባሽ» ሲሉት አንዲት እናታችን «እና ፍጉ ስሙን ቀየረ?» ብላ አስቃናለች።

ታዲያ ምን ተበላሸ? ዱሩ አለቀ። እናቶቻችን በልጅነታቸው እንጨት ለቅመው ለምሳ ይመለሱ ነበር፤ ልጆቻቸው ሲደርሱ ግን መንገዱ የቀን ሙሉ ሆነ። ከከተማችን ወጣ ብለው ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የተመለከቱ ሁሉ የተራቆተውን ገደል ያውቁታል። ባሕር ዛፍ ለቤት ማገርና ለገንዘብ ደረሰልን፤ ቤተሰቡን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የሚያበስል ግን አልሆነም። ስለዚህ እበቱ ተጠፍጥፎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ኩበት ሆኖ ምጣድ ሥር ገባ።

ይህን ያደረግነው እኛው ሴቶች ነን። ደብቀን አናልፈውም፤ በኀፍረትም አንናገረውም። ልጅ ሲርበው ስለሚቀጥለው ዓመት አፈር የሚያስብ የለም። ይሁንና ሒሳቡ ይታወቅ። እበት ሲቃጠል ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አፈርን የሚያለሰልሰውና ውኃ የሚያስይዘው ብስባሽም እንዲሁ። የሚተርፈው አመድ ጥቂት ፎስፈረስ፣ ፖታሽና ኖራ ይይዛል። አመድ የአፈርን ኮምጣጣነት ስለሚያበርድ በጎጃም ኮምጣጣ መሬቶች ላይ ቁም ነገር ነው፤ እርሱንም ቢሆን በአብዛኛው የምንደፋው ጓሮ ላይ እንጂ ማሳ ላይ አይደለም። ማሳው ጤፉንና ስንዴውን ሰጥቶ ምንም ሳይመለስለት ቀረ።

ያንን ጉድለት እንዲሞላ የመጣው የፋብሪካ ማዳበሪያ ነው። በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ከ1960 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ማከፋፈል ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ በየመንግሥቱ ዘመን ፕሮግራሙ ስሙን እየቀያየረ ዳፕና ዩሪያ እኛም ቀዬ ደረሱ። ማዳበሪያው ምርት ጨመረ፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን በገንዘብ የሚገዛ፣ ከውጭ የሚመጣ፣ በብድር የሚወሰድ ነገር ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በክልላችን ማዳበሪያ ሲጠፋ የነበረውን ጭንቀት አባሎቻችን አይረሱትም። ወንድ በሌለበት ቤት ጭንቀቱ እጥፍ ነበር፤ ወረፋው ላይ የምትቆመውም፣ ልጅ የምትይዘውም አንዲት ሴት ናትና።

ወደ ፍግ ለመመለስ የተደረገውን ሙከራ በተመለከተ ከትግራይ የሚማር ታሪክ አለ። በ1988 ዓ.ም. የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት የሚባለው ድርጅት ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ በጥቂት መንደሮች ኮምፖስት ማስተማር ጀመረ። የሥራው ሞተሮች ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ነበሩ። ከታሰቡት ሰዎች ግንባር ቀደሞቹ ማዳበሪያ መግዛት ያልቻሉ፣ በሴት የሚመሩ ቤተሰቦች ናቸው። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ለስድስት ዓመት ያህል ከገበሬ ማሳ ላይ ምርት እየለኩ መዘገቡ። ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው በአብዛኛው እጥፍ ገደማ ሰጠ፤ የፋብሪካ ማዳበሪያ ካገኘውም ጋር ተስተካከለ ወይም በለጠ። ገበሬዎቹ ከሁሉ የወደዱት ግን ሌላ ነገር ነበር። ኮምፖስት አንድ ዓመት ተጨምሮበት በሚቀጥለው ዓመት ቢታለፍም መሬቱ አሁንም ይሰጣል፤ ስለዚህ ያለችውን ትንሽ ኮምፖስት ከማሳ ማሳ ማዞር ይቻላል።

በእኛም አካባቢ ኮምፖስት በግብርና ባለሙያዎች ተሰብኳል፤ ጉድጓድም ተቆፍሯል። ብዙው ጉድጓድ ግን ባዶውን ቀረ፤ አንዳንዱ ሪፖርት ከተጻፈለት በኋላ የጥጃ መውደቂያ ሆነ። ሰነፍ ስለሆንን አይደለም። ጉድጓዱን የሚሞላው እበት አሁንም ምጣድ ሥር ስለነበረ ነው። «እበቱን ጉድጓድ ክተቺ» የሚል ሁሉ «እንጀራውን በምን ልጋግር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ አልመጣም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች የተስፋፋው የባዮጋዝ ፕሮግራም መልስ ለመስጠት ሞክሯል፤ እበቱ ጋዝ ከሰጠ በኋላ የሚወጣው ዝቃጭ ለማሳ ይሆናል። ድንቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቢያንስ አራት ከብትና በቂ ውኃ ላለው ቤት ነው፤ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ አንዲት ላም ያላቸው ወይም ጭራሽ የሌላቸው ናቸው።

ከተሞችስ? እዚያ ታሪኩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 እና 71 ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከምሽት እስከ ንጋት ከተማውን ጅብ ይሞላው እንደነበር ጽፏል። የጥንት ከተሞቻችን ጽዳት ሠራተኛ ጅብ ነበር ብንል አልተሳሳትንም፤ ዛሬም በየከተማው ዳር ሥራውን አልተወም። ጅብ ግን የሽንኩርት ልጣጭና ፌስታል አይበላም። አዲስ አበባ ስታድግ ጥራጊዋን ረጲ ላይ፣ ሕዝቡ «ቆሼ» ባለው ቦታ፣ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ትከምር ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ። እንዲህ ባለ ክምር ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው የወጥ ቤት ጥራጊና የሚበሰብስ ነገር ነው። በድሮ ቤት ቢሆን ኖሮ ለጓሮ የሚደርስ ነበር።

ሕግም ወጥቷል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ ያዝዝ ነበር። አዋጁን ስናነብ «የቤተሰብ ኃላፊ» የሚለው ላይ ተሳሳቅን፤ እጇን ከባልዲ ከትታ የምትለየው ማን ናት? በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸድቋል። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፌስታል የገባበት ፍግ ከብትም ይገድላል፣ ማሳም ያበላሻል።

የማሽኗ ዘር የሚመዘዘው ከዚህ የከተማ ጭንቀት ነው እንጂ ከእርሻ አይደለም። የዘመናዊው ኮምፖስት ሳይንስ ግን ከገበሬ የተወለደ ነው። እንግሊዛዊው አልበርት ሃዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1931 በሕንድ ኢንዶር ሆኖ፣ የሕንድ ገበሬዎች እበትን፣ ቅጠልንና አፈርን እንዴት እንደሚጠቀሙ ተመልክቶ በወግ የተለካ ዘዴ አወጣለት። ባለቤቱ ገብርኤል ሃዋርድ ራሷ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበረች፤ አብራው ለፍታ መጽሐፉ ሳይወጣ በ1930 ሞተች። ዛሬ የሚጠራው የእርሱ ስም ነው። ይቺን ነገር ሳንጽፋት ብናልፍ ለማኅበራችን ጋዜጣ አይመጥነንም ነበር።

ጓሮ የሌለው፣ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሲበዛ ግን ጥያቄው «አፈሬን በምን ላብላ?» መሆኑ ቀርቶ «ይህን የሚሸት ነገር ከቤቴ በምን ላውጣ?» ሆነ። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 የምግብ ትራፊን መሬት ውስጥ መቅበር ከለከለች፤ ከ2013 ወዲህ ደግሞ በየከተማው ሰው በጣለው ክብደት ልክ መክፈል ጀመረ። እንዲህ ባለ አገር ጥራጊን አድርቆ የሚያቀልል ማሽን ገንዘብ ያድናል። አሜሪካና ካናዳም ለየቤቱ የሚሆኑ ትናንሽ ማሽኖች የተስፋፉት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ማሽኗ መጥፎ አይደለችም፤ የተሠራችበት ጥያቄ የእኛ አለመሆኑ ነው።

በስብሰባችን ላይ ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ሒሳብ ሠራን። ማሽኗ በአንድ ዙር የምትይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ የምትፈጀው ኤሌክትሪክ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ስለሚስብ፣ ያው ኤሌክትሪክ ምጣዱን ለሩብ ሰዓት ያህል ያሠራል። በዚያ ሩብ ሰዓት የሚወጡት እንጀራዎች በኩበት ቢጋገሩ ስንት ኩበት ይበሉ እንደነበር እናቶች በእጃቸው ያውቁታል። ያ ኩበት ሳይቃጠል ቢቀር፣ ከሁለት ሊትር ልጣጭ ብዙ እጥፍ የሚሆን ፍግ ለማሳ ተረፈ ማለት ነው። ከእናቶቻችን አንዷ አሳጥራ ተናገረችው፦ «እንግዲያ ኮምፖስት የምትሠራው ማሽን ምጣዷ ናታ!»

የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ዓባይ በደጃችን አልፎ የሚሄድ እኛ ምን እናገኛለን ብለን መጠየቃችን አልቀረም። መብራቱ አስተማማኝ ሲሆን የኤሌክትሪክ ምጣድ ይቅደም እንላለን። እስከዚያው ግን የማይቋረጥ ነገር ያስፈልገናል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ከብቦ ስለሚይዝ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል፤ ቅርጽ ማውጫው ካለ ሴቶች ራሳቸው ሊያመርቱትም ይችላሉ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ማሳን ግን ያጠግባል ብለን ለመከራከር ደፍረናል።

ሁሉም በአንድ ቃል አልተስማማም። ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራዩ ወጣት እህቶቻችን ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። «እናንተ ጓሮ አላችሁ፤ እኛ አከራያችን አንዲት ጉድጓድ አታስቆፍረንም። ልጣጫችንን በፌስታል አስረን ወንዝ ዳር ስንጥል ማን ይጠይቀናል? ማሽኗ ለእኛ ትሆናለች» አሉ። እውነታቸውን ነው። የከተማችን ምግብ ቤቶችና የመሥሪያ ቤት ክበቦችም እንደ እነርሱ ናቸው፤ በየቀኑ የሚደፉት ትራፊ ከብት ወደሌለበት ቦይ ይሄዳል። መንደሩን እያየን ከተማ እየሆንን መምጣታችንን ረስተን ነበር።

ስለዚህ ለደጋፊያችን የጻፍነው መልስ ይህ ነው። ስለ አሥሩ ማሽኖች እናመሰግናለን፤ ገንዘቡ ከተገኘ ግን የምርጥ ምድጃ ቅርጽ ማውጫ፣ ሲሚንቶና ለስድስት እህቶች ሥልጠና ይሁንልን። አንዲቷ ማሽን ግን በቢሮአችን ትቆያለች፤ ዱቄቷ በቀጥታ መደብ ላይ አይበተንም፤ ወደ ጉድጓድ ገብቶ ከእበትና ከአረም ጋር ይበሰብሳል። ጎመኗ የተበላሸባት እናታችን ራሷ ዳኛ ሆና ስትሞክረው «አሁን ፍግ ፍግ ሸተተ» ብላ አልፋዋለች።

ጉድጓዶቹን በወንፈል የቆፈርነው ከመስቀል በኋላ ነው፤ አረሙ ገና ለምለም ሳለ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲበስል ሌላው ይሞላል። ከታች ደረቅ አገዳ፣ ከዚያ አረምና ልጣጭ፣ ከዚያ እበትና ጥቂት አመድ፣ ከላይ አፈር እያነባበርን ሞላነው። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ተክለናል፤ ሲነቀል የሚሞቅና የሚረጥብ ከሆነ ሥራው በደህና እየሄደ ነው። በኅዳር ስንነቅለው በእጅ አያስይዝም ነበር። ተከራይ እህቶች ባልዲያቸውን ቅዳሜ ጠዋት ያመጣሉ፤ ፌስታል ያለበት ባልዲ ይመለሳል። የመጀመሪያው ጉድጓድ በየካቲት መጨረሻ ይከፈታል። ድርሻ ያላችሁ አባላት ጆንያ ይዛችሁ ኑ፤ መጀመሪያ የሚሰፈረው ጎመኗን ላበላሸንባት እናት ነው።